ስንቅ ያቀበለ ሰው ይጠይቃል፦ «ሕዝብ ይስጥ፣ መሪ ይምራ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። በጦርነት ጊዜ ዜጋው ምን መክፈል እንዳለበት፣ መሪውስ ምን እንደሚጠበቅበት የሚመክር ጽሑፍ ነው። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አገራቸውን እንደሚወዱ ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃልና የምመልስላቸው በአክብሮት ነው። ሆኖም የጻፉት ነገር እኛ ሰሜን ሸዋዎች በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያየነውን የሚያስረሳ፣ አያቶቻችን የሠሩትንም የሚያዛባ ሆኖ አገኘሁት። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጦርነት ሲመጣ ሕዝብ ያለውን ሁሉ ሳይጠይቅ ይሰጣል፤ «የሰጠሁት የት ገባ?» ማለት ለጠላት በር መክፈት ነው። አባቶቻችንም ዐድዋ የዘመቱት ሳይጠይቁ ነው። የመሪ ሥራ መምራት እንጂ ከሕዝብ ጋር አብሮ መቸገር አይደለም። መዋጮ በየቤቱ እኩል ቢሆን ፍትሐዊ ነው፤ ነጋዴም ገበያው ባወጣው ዋጋ ቢሸጥ አይወቀስም። በመጨረሻም የሟች ቤተሰብ ሐዘኑን በሆዱ ይያዝ፤ ለቅሶ የወገንን ወኔ ይሰብራል ይላሉ።

ከዐድዋው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተደገፈው እሱን ነውና።

«አባቶቻችን ክተት ሲባሉ ጠመንጃቸውን አንግተው ወጡ፤ ንጉሡን ምንም አልጠየቁም» ብለዋል። የ1888ቱን የክተት ዐዋጅ ግን ደግመው ቢያነቡት መልካም ነበር። አጼ ምኒልክ ከማዘዛቸው በፊት ከሕዝቡ ጋር ሒሳብ ነው የተወራረዱት። «የአገሬ ሰው ከአሁን ቀደም የበደልኩህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምከኝም» አሉ። ይህን ለጌጥ የገባ ቃል አድርጎ የሚያነብ ሰው የሸዋን ባላገር አያውቅም። ነጋሪት እየተጎሰመ፣ በገበያ መሀል፣ ንጉሥ «የበደልኩህ አይመስለኝም» ሲል የተበደለ ሰው በልቡ «የለም፣ በድለኸኛል» የሚልበት ቦታ ተትቶለታል። ሰው እንዲዘምት ከመጠየቅ በፊት ያለፈውን ማንሣት ግድ መሆኑን ንጉሡ ያውቁ ነበር።

«ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» የሚለው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጉልበት የሌለውስ? ስለ ልጁ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሃይማኖቱ ሲል በሐዘኑ እንዲረዳ ተለመነ። አቅም ያጣው ሽማግሌ ከብቱን ይሽጥ አልተባለም። ሐዘኑ እንደ መዋጮ ተቆጠረለት። እዚህ ቃል ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

ዐዋጁ ቁጣም እንዳለበት አልክድም። ወስልቶ የቀረ እንደሚጣላቸው፣ ለዚህም አማላጅ እንደማይቀበሉ በማርያም ምለዋል። ጸሐፊው የያዙት ይህን ጫፍ ብቻ ነው። ዐዋጁ የሚያልቀው ግን በቀጠሮ ነው፦ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከትተህ «ላግኝህ» ይላል። ቀጠሮ የሰጠው ሰው ራሱ ቀጠሮው ቦታ ይገኛል ማለት ነው። ተገኙም። እቴጌ ጣይቱም አብረው ዘመቱ። ፊታውራሪ ገበየሁ በአምባላጌም በመቀሌም ፊት ፊት ሲሉ ቆይተው የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ወደቁ።

ከዐድዋ ጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውንም ጸሐፊው ዘልለውታል። በክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ ማረሻ የሚጎትት በሬ ሲጠፋ፣ ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ጨብጠው እየቆፈሩ ሰው እንዲከተላቸው አድርገዋል። ከዚያም ወታደር በየባላገሩ ቤት እየተመራ ጓዳውን እንዳያራቁተው፣ ባላገሩ ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣና ወታደሩ ከዚያ ቀለብ እንዲሰፈርለት ተደነገገ። ሥርዓቱ በየቦታው በደንብ ሠራ አልልም፤ ባላገሩ ከዚያም በኋላ ብዙ ተንገላትቷል። ነገር ግን በ1888 ወረኢሉ የከተተው የተጉለትና የቡልጋ፣ የመንዝና የይፋት ሰው ንጉሡ ዶማ መጨበጣቸውን የሰማ ሰው ነበር። ጥያቄው አስቀድሞ ተመልሶለታል። ጸሐፊው «አልጠየቀም» የሚሉት ይህን ዝምታ ነው።

ወደ መሪው ጉዳይ ልለፍ። «መሪ ከወደቀ አገር ይወድቃል» ማለታቸው እውነትነት አለው። አጼ ምኒልክም ሲዘምቱ አገሩን ያለ ጠባቂ አልተዉም፤ ራስ ዳርጌን ትተው ነው የሄዱት። ኅዳር 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ግንባር እንደሚሄዱ ሲያስታውቁም የዕለት ተዕለቱ ሥራ ለምክትላቸው ለአቶ ደመቀ መኮንን ተላልፏል። በዚያ ሳምንት የሕወሓት ኃይሎች ሸዋ ሮቢትን ይዘው ወደ ደብረ ሲና ተጠግተው ነበር። ከጣርማ በር ወዲህ ያለነው እኛ ነን። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፈይሳ ሌሊሳ እንዘምታለን ማለታቸውም ተሰማ። የሰው ፊት ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሻንጣውን በር ላይ ያስቀመጠ ጎረቤቴ መልሶ አስገብቶ ልብሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሰቅል አብሬው ነበርሁ። ከላይ ያለ ሰው ቀድሞ ሲወጣ ከታች ያለው እግሩ ይጸናል፤ ጸሐፊው ይህን ለምን እንዳቃለሉት አልገባኝም።

ነገር ግን መሪ ስንል አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የመምሪያ ኃላፊው አለ፤ የወረዳው አስተዳዳሪ አለ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር አለ። የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ናቸውና። ልጁ ዘምቷል ወይስ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሄዷል? የመሥሪያ ቤቱ መኪና ምን ጭኗል? በዚያው ኅዳር አንድ ማለዳ ዋናው አስፋልት ዳር ቆሜ ያየሁትን ልንገር። በደብረ ሲና በኩል የመጣ አይሱዙ ጭነቱ ላይ ሣር ተነጥፎ ቁስለኞች ተኝተውበታል፤ አንዱ የደማ እጁን በጋቢ ጠቅልሎ የመኪናውን ጎን ይዟል። በዚያው ደቂቃ በተቃራኒው መስመር አንድ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ፍሪጅ፣ ሁለት ፍራሽና የተጠቀለለ ምንጣፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ አለፈ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ሁለቱንም በዓይናቸው ሸኝተው ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ያወለቁትን ባርኔጣ ሳያደርጉት ቀሩ። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ስለ መስዋዕትነት የሚለፈፈውን ድምፅ ማጉያ እኚያ ሰው እንዴት እንደሚሰሙት ጸሐፊው ያስቡት።

ጸሐፊው የአጼ ኃይለ ሥላሴን ስደት ለማስረጃ ጠቅሰዋል፤ «ንጉሡ ራሳቸውን ባያድኑ አገር አይድንም ነበር» ይላሉ። ንጉሡ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቅቀው መውጣታቸው ያኔም አከራክሯል፤ ዛሬም ያከራክራል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ራሳቸው ተዋግተዋል። ጸሐፊው ይህን ቢጨምሩት ለራሳቸውም ይጠቅማቸው ነበር። ሆኖም የዚያን ዘመን የመሪ ዕዳ ከተነሣ እኔ ዓይኔን የማነሣው ወደ ፍቼ ነው። የሰላሌው ገዢ የራስ ካሣ ልጆች አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ በታኅሣሥ 1929 እዚያው ፍቼ ተገደሉ። ወንድማቸው ወንድወሰን በዚያው ወር በላስታ በኩል ተገደለ። አንድ አባት በአንድ ወር ሦስት ልጅ ከፈለ። የፍቼው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928፣ ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ አልሰብክም ብለው በጥይት ተደብድበዋል። የሰላሌ ባላገር ጫካ ሲገባ የጌቶቹ ልጆችና የጳጳሱ ደም ከፊቱ ነበረ። ከነጻነት በኋላ አርበኛው ሲያንገበግበው የኖረው ቁስሉ ብቻ አልነበረም፤ ለጠላት ያደረው ሰው ሹመት ሲያገኝ ማየቱ ነው።

«ሳይጠይቁ መስጠት» ወደሚለው ልምጣ። እኔ መምህር ነኝ። በ2014 ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ እንዳደረገው የአንድ ወር ደመወዜን ሰጥቻለሁ፤ አልቆጨኝም። ከእሱ በላይ የማስታውሰው ግን የሰፈራችን ዕድር ለስንቅ ዝግጅት ድንኳን የተከለበትን ሳምንት ነው። ገብስ ይቆላል፤ በሶ ይፈጫል፤ ዳቦ ቆሎ ይቆረጣል፤ እንጀራ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። የብረት ምጣዱ ሌሊትም ከእሳት አይወርድም ነበር፤ ጢሱ የዓይናችንን ውኃ ጨረሰው። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንሁ በደብተር ላይ የሰጪውን ስም፣ ያመጣውን ዓይነትና መጠን እመዘግባለሁ።

አንዲት እናት መጡ። ባላቸውን ካጡ ቆይተዋል፤ ጠላ ጠምቀው እየሸጡ ነው የሚያድሩት። ሁለት ጣሳ በሶ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። አራገፉትና «አንዱን በእኔ፣ አንዱን በልጄ ስም ጻፍልኝ፣ መምህር» አሉኝ። ልጃቸው ቀድሞ ዘምቷል። «እማማ፣ እሱማ ራሱን ሰጥቷል» አልኋቸው። «ግድ የለህም፣ ጻፈው» አሉ። ጻፍሁት።

ሲሞላ አሥራ አንድ ኩንታል በሶና ቆሎ፣ ድርቆሹ ለብቻው፣ አርባ ብርድ ልብስ ሆነ። ተረካቢ ለተባለው ቢሮ ወስደን አስረከብን። ዕቃ ገቢ ሲደረግ ሞዴል 19 እንደሚቆረጥ የመንግሥት ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቃልና እኔም ጠየቅሁ። «በዚህ ሰዓት ወረቀት ትጠይቃለህ?» የሚል መልስ አገኘሁ። እውነትም ሰዓቱ የወረቀት ሰዓት አልነበረም፤ አፍሬ ተመለስሁ። ወሩ አለፈ፤ ሸዋ ሮቢትም ተለቀቀች። ምጣድ ላይ ሌሊት ያሳለፉት ሴቶች «በሷችን ደረሰ ወይ? ልጆቹ ቀመሱት ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሌላ ነገር አልፈለጉም፤ መድረሱን ብቻ። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ነሐሴ 2014 ላይ ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ ዕድሩ ድንኳኑን ደግሞ ተከለ። ያኔ ደብተሩ ግማሽ ገጽ አልሞላም። አገር የጠላ ሰው አልነበረም በሰፈራችን፤ እነዚያው ሴቶች ናቸው። ጸሐፊው «ጥያቄ ለጠላት በር ይከፍታል» ይላሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁት በሩን የከፈተው መልስ መጥፋቱ ነው። ሞዴል 19 በሁለት ደቂቃ የሚጻፍ ወረቀት ነው። በዚያች ወረቀት የሚቀጥለውን አሥራ አንድ ኩንታል መግዛት ይቻል ነበር።

ሕጉም ከጸሐፊው ጋር አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ምክር ቤቱ እንዲያጸድቀው፣ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም፣ የታሰሩ ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ያዛል። ሕግ አውጪው በጦርነት ጊዜ ጥያቄ እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን የበለጠ እንደሚያስፈልግም አውቋል። ተፈጽሟል ወይ የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እኩል መዋጮ የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ ነዋሪዋ ግድግዳውን አቁሞ ሳይጨርስ በ2014 ጦርነቱ መጣበት። ይህ ሰውና አዲስ አበባ ፎቅ የሚያከራይ ሰው በየቤታቸው እኩል ይክፈሉ ማለት የአጣዬው ሰው ሦስተኛ ጊዜ ይክፈል ማለት ነው። አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር፤ አሥራት ከአሥር አንድ ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይሰጣል፤ ምንም ያላመረተ ምንም አይሰጥም። ለጉዳቱ መልሶ ግንባታ ተብሎ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የተጣለውን 3 በመቶ ቀረጥም ቢሆን አስመጪው ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ሸማቹ ነው። የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በተሰቀለበት ጊዜ ደሞዝተኛውና ቀን ሠራተኛው በየሱቁ ሲያዋጣ ነው የከረመው፤ ደብተር ላይ ባይጻፍለትም።

ነጋዴን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። በዚያ ኅዳር ከኮምቦልቻ፣ ከአጣዬ፣ ከሸዋ ሮቢት ሕዝብ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጎርፍ ሁለት ዓይነት ሰው አየን። በሁለት ክፍል ቤት አሥራ ሦስት ሰው አስጠግቶ ራሱ ወጥ ቤት የተኛ አለ። በአንድ ሳምንት የአንዲት ክፍል ኪራይ እጥፍ አድርጎ የስድስት ወር ቅድሚያ የጠየቀም አለ። ጸሐፊው ሁለተኛውን «ገበያው ያወጣው ዋጋ» ይሉታል። ዋጋውን ያወጣው ግን ሕፃን ልጅ ጀርባዋ ላይ አዝላ ከተኩስ የሸሸች እናት ጭንቀት ነው። ገበያ አጥባቂ የምትባለው እንግሊዝ እንኳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንጆች 1940፣ ድርጅቶች ከሰላሙ ጊዜ በላይ ያተረፉትን ትርፍ መቶ በመቶ በግብር ወስዳለች። ከሰው ሞት ማንም አያተርፍም የሚል ስምምነት ከሌለ ወጣቱን «ሕይወትህን ስጥ» ለማለት ምን አፍ ይኖረናል?

አሁን ወደ ሐዘን። ከጽሑፉ ሁሉ የከበደኝ ይህ ክፍል ነው። «እናት እንባዋን ትያዝ፤ ሬሳ እንጂ ወኔ አይለቀስበትም» ብለዋል። አጼ ምኒልክ «በሐዘንህ እርዳኝ» ያሉትን እዚህ ላይ አስታውሱልኝ። ያ ንጉሥ ሐዘንን ከጦሩ ጋር ነው ያሰለፈው።

በመንዝ የዘረትን ዋሻ እናንሣ። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በዚያ ዋሻ የሸዋው የአርበኞች መሪ የአበበ አረጋይ ተከታዮች ተጠልለው ነበር፦ ቁስለኛው፣ ሽማግሌው፣ ስንቅ የምትፈጨው ሴት፣ ሕፃናቱ። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ አፍኖ፣ የወጣውንም በጥይት ፈጀ። ከአካባቢው ሰው በቀር ይህን ታሪክ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሚያነሣው አልነበረም፤ አጥንቱም እዚያው ዋሻ ውስጥ ቀረ። ማን ስማቸውን ጻፈ? የሐዘን ቀን ማን ቆረጠላቸው? ለአገር ያላቸውን ሁሉ የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ አገር ለእነሱ የሰጠችው ዝምታ ነበር። ጸሐፊው ዛሬም ይኸው ዝምታ እንዲደገም ነው የሚጠይቁት።

በእኛ ባህል የሞተ ሰው መርዶ አለው። ሽማግሌዎች ሳይነጋ፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ በር ይቆማሉ። እናት ስታያቸው ታውቃለች፤ ከዚያ ትጮኻለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል። ሰው እርሙን የሚያወጣው እንዲህ ነው። መርዶ ያልደረሰው ቤተሰብ እርሙን አላወጣም፤ አልሞተምም፣ አልኖረምም። በወዲያኛው በኩልም እንዲሁ ነበር፤ ለትግራይ ቤተሰቦች መርዶው የተነገራቸው ከፕሪቶሪያው ስምምነት አንድ ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ በጥቅምት 2016 የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነው። እናት እዚያም እናት ናት። ልጅን የወሰደ መንግሥት ወይም አዛዥ ቢያንስ የልጁን ዜና መመለስ አለበት። ይህ ወኔ አይሰብርም። ወኔ የሚሰብረው አራት ዓመት በር በርን ማየት ነው።

ሁለት ጣሳ በሶ ያመጡት እማማ እስካሁን መርዶ አልመጣላቸውም። ጥቁርም አልለበሱም፤ ለመልበስ ማን ነግሯቸው? ባለፈው የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ሲበተን ወደ ጎን ጠሩኝና «ያ ደብተር አለ ወይ፣ መምህር?» አሉኝ። አለ አልኋቸው። «የልጄ ስም አለበት?» አሉ። ቤት ሄጄ አመጣሁት። ማንበብ ስለማይችሉ ገጹን ከፍቼ ጣቴን አስቀመጥሁበትና ከስሙ ጀምሬ «አንድ ጣሳ በሶ» እስከሚለው አነበብሁላቸው። ደግመህ አንብብልኝ አሉ። ደገምሁላቸው።